እስክትድን ድረስ

"ተንፍሺ። እሺ። አሁን ደግሞ ያዢው።"

ጂቱ ትንፋሿን ያዘች። ድሬሰር ከበበ ማዳመጫውን ከደረቷ ወደ ጀርባዋ አዛውሮ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ባሏ ገረሱ በሩ ጥግ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሻሸ የድሬሰሩን ፊት ያጠናል። ይህ ሰውዬ ፊቱን ቢያጨማድድ ጉዴ ፈላ፤ ባያጨማድድም ጉዴ ፈላ፣ እያለ ነበር በልቡ።

"ልብሽ ደህና ነው" አለ ከበበ።

"ደህና?"

"ደህና ነው። ሳንባሽም ደህና ነው። ተስቦው ከለቀቀሽ አራት ሳምንት አልፎታል፤ ትኩሳት የለሽም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የማይወርድልኝ?" ጂቱ ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። "እንጀራ ስጎርስ እዚህ ጋ ይቆማል። ውኃ እንኳ በስንት መከራ ነው። ልቤ ቁጭ ባልኩበት ድው ድው ይላል፤ እጄ ይደነዝዛል። ደህና ልብ እንዲህ ያደርጋል?"

ከበበ ሚዛኑ ላይ አወጣት። መርፌው ተወዛውዞ ቆመ። "አርባ አንድ ኪሎ" አለ ቀስ ብሎ። "የዛሬ አሥራ አምስት ቀን አርባ አራት ነበርሽ።" ጂቱ ቁጥሩን ስትሰማ ያየችው ድሬሰሩን አልነበረም። ባሏን ነበር። ገረሱ ዓይኑን ወደ ባርኔጣው መለሰ።

"አንቺ ውጪ አግዳሚው ላይ ጠብቂ" አላት ከበበ ነጠላዋን እያቀበላት። "አንተ ግን ቆይ።"

ወይ ጣጣ! በሽተኛ አስወጥቶ ባልን ማስቀረት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጂቱ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ዘወር ብላ ገረሱን አየችው።

"እንግዲህ ንገረኝ" አለ ከበበ ወንበር ስቦ። ፀጉሩ የሸበተ፣ በኮተቤ መንገድ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ክሊኒክ ዘመኑን የፈጀ ሰው ነው። "ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። ሰውነቷ ምንም የለበትም። ይህች ሴት ፈርታለች። የምትፈራውን ነገር ታውቃለህ?"

ገረሱ ባሕር ዛፍ ቆራጭ ነው። አጠና እየቆረጠና እየላጠ፣ ከየካ ተዳፋት እያወረደ ቤት ለሚሠራ ሰው ይሸጣል። ነገር አያውቅበትም። ሆኖም ሰባት ሳምንት ሙሉ አፍኖ የያዘው ነገር ሲጠየቅ ራሱ ተንደርድሮ ወጣ።

"ወንድሟ ሞቷል" አለ።

ዲንሳ ወንድሟ ይባል እንጂ ልጇ ነው። እናታቸው በወሊድ ስትሞት ጂቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የላም ወተት በጨርቅ እያጠባች፣ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። ገረሱን ስታገባ ዲንሳን አንጠልጥላ ነው የመጣችው። የራሷ ልጅ አልወጣላትም፤ እሱ ስላለ ብዙም አልከፋት። ያ ሕፃን አድጎ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ዝግባ የሚያህል ቁመት አወጣ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኮንጎ ዘመተ። ከሰባት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ሃምሳ አለቃ ገረሱን ከሥራው ቦታ ፈልጎ አገኘውና ካምዮን ተገልብጦ ዲንሳ እንደሞተ፣ እዚያው እንደተቀበረ ነገረው። ያን ዕለት ጂቱ በተስቦ ራሷን ስታ ተኝታ ነበር። የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡና ወሰኑ፤ እስክትድን ድረስ መርዶው አይነገራትም።

"ደግ አድርገዋል" አለ ከበበ። "ያን ጊዜ። ከዚያ በኋላስ?"

"ተስቦው ለቀቃት። ትንሽ ትጠንክር ተባለ። ከዚያ ይህ መጣ። ጉሮሮዬ፣ ልቤ፣ እጄ ማለት ጀመረች። አሁንም ታማለች፣ እስክትድን ይቆይ ተባለ።"

"እሷ የሚደብቋት ነገር እንዳለ ታውቃለች?"

"ከየት ታውቃለች! ማንም ትንፍሽ አላለም።"

"አፍ ባይናገር ፊት ይናገራል። ለመሆኑ የሰፈራችሁ ሰው ሲያያት እንዴት አድርጎ ነው የሚያያት?"

ገረሱ አሰበ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እሷ ስትደርስ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። አክስቱ ልትጠይቃት መጥታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ያለ ምክንያት ተንሰቅስቃለች። ራሱስ ቢሆን? ስንት ጊዜ ነው ዓይኗን ሸሽቶ ከቤት የወጣው?

"ለዚህ የሚሆን ኪኒን የለኝም" አለ ከበበ። "ቫይታሚን እሰጣታለሁ። እሱም ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ ነው።"

"ብነግራት... ልቧ ቀጥ ቢልስ?"

"አይልም ብዬ አልምልልህም። ልቧ ዛሬ ደህና መሆኑን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ እየከሳች ከሄደች ደግሞ..." ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ኪኒኖቹን በወረቀት መጠቅለል ያዘ። "አንተ ደግሞ ሆድህን ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትይዘው?"

"ያቃጥለኛል። እዚህ ጋ፣ ከእምብርቴ በላይ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ገረሱ በልቡ ቆጠረ። ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ከበበ የጠቀለለውን ወረቀት እጁ ላይ አስቀመጠለትና በሩን ከፈተ።

ጂቱ አግዳሚው ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፍርድ እንደምትጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። "ምን አለህ?"

"ቫይታሚን ውሰጂ ነው ያለው።"

"ይህን ለማለት በር ይዘጋል?"

ገረሱ የተጠቀለለውን ኪኒን ኪሱ ከተተ።

"እንጦጦ ማርያም ውሰደኝ" አለች።

"እንዴ! መቼ?"

"ዛሬ። በቅሎ ለምንልኝ። ጠበል እጠመቃለሁ። ለንስሐ አባቴም የምነግራቸው ነገር አለኝ።"

"በየትኛው አቅምሽ ነው ያን ዳገት የምትወጪው? ትንሽ በርታ በይና..."

"ገረሱ" አለችው ስሙን ብቻ ጠርታ። ሃያ ዓመት አብረው ሲኖሩ በዚህ ድምፅ የጠራችው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። "ዛሬ ነው።"

በቅሎ ያላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረማርያም ናቸው። ገረሱ ሲደርስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የኮርቻ ጠፍር በወስፌ ይሰፋሉ። ቁመናቸውና ጢማቸው የሚያስከብር ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ማንም ሳይጠይቃቸው ልጁን አይድርም። ደግሞም ደግ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። የባለፈው ሳምንቱን ደብዳቤ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

አዎ፣ ደብዳቤ! ጂቱ እህል አልወርድ ሲላት አቶ ገብረማርያም አንድ መላ ዘየዱ። የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከዲንሳ የተላከ ነው ብለው ያነቡላት ጀመር። "ለውድ እህቴ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ የኮንጎ ሙቀት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ" እያሉ። ወረቀቱ የእድሩ አባላት የስም ዝርዝር ነበር። ጂቱ ፊደል አትለይም። ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው፤ ያን ዕለት ማታ ግማሽ እንጀራ በላች። ገረሱ ወደ ጓሮ ወጥቶ የካፖርቱን እጅጌ ነክሶ አለቀሰ። ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር፤ በላች እኮ! በነጋታው ግን ከመቼውም ይልቅ ብሶባት ተነሣች። የምራቋ ጠብታ እንኳ አልወርድ አላት። ምን እንደነካት እስከ ዛሬ ሊገባው አልቻለም።

"ጎሽ!" አሉ አቶ ገብረማርያም የእንጦጦን ነገር ሲሰሙ። "ጠበሉ ያበረታታታል። ከዚያ ደህና ስትሆን፣ የሚቀጥለው እሑድ እንኳ ይፈጥናል፣ ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ..."

"አባባ፣ ሰባት ሳምንት ሆነ።"

"ቢሆንስ? መርዶ የሚችለው ሥጋ ያለው ሰው ነው። እሷ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።"

"አጥንቷን ያስቀረው ይኸው መደበቃችን ቢሆንስ? ድሬሰሩ ሰውነቷ ምንም የለበትም ብሏል። ፍርሃት ነው ብሏል።"

አቶ ገብረማርያም ወስፌውን ጠፍሩ ላይ ሰክተው ቀና አሉ። "ድሬሰሩ ሰው አርድቶ ያውቃል?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔ አርድቻለሁ። እህቴን የሺመቤትን ታስታውሳታለህ? አታስታውሳትም፣ አንተ ልጅ ነበርክ። ባሏ የሞተ ጊዜ አራስ ነበረች፤ ወባም ይዟታል። ሽማግሌዎቹ ይቆይ አሉ። እኔ ነኝ አይ፣ ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ እኔ እነግራታለሁ ያልኩት። በማለዳ ገብቼ ነገርኳት። 'እ?' አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። በዘጠነኛው ቀን ቀበርናት።" ጢማቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉት። "በዚህ አፌ ነው የነገርኳት፣ ገረሱ።"

ገረሱ መሬት መሬት አየ።

"እኔ አልከለክልህም፣ የእድሩ ውሳኔ ነው" አሉ አቶ ገብረማርያም እየተነሡ። "ብቻህን ብትነግራትና አንድ ነገር ብትሆን ግን፣ እኛ ይቅር ብንልህ አንተ ራስህን ይቅር አትልም። አልነገሩኝም እንዳትል።" ከዚያ ራሳቸው ወደ በረቱ ሄደው በቅሎዋን አወጡና የኮርቻውን ጠፍር ሁለት ጊዜ ስበው አጠበቁላት። በሽተኛዋ እንዳትወድቅ።

ዳገቱን ሳይጀምሩ ኩልሱም ከሱቋ እየሮጠች ወጣች። ኩልሱም ጨውና ላምባ የምትቸረችር ጎረቤታቸው ናት። ከጂቱ ጋር በአንዲት ዶሮ የተነሣ ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። የኩልሱም ዶሮ የጂቱን የጎመን ችግኝ ጫረች፤ ጂቱ ዶሮዋን በድንጋይ አነከሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለም። ይህች ኩልሱም ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቅቤ ይዛ፣ ትኩስ ወተት ይዛ ትመላለሳለች። አሁንም የበቅሎዋን አንገት አልፋ የጂቱን ጉልበት አቀፈች።

"ደህና ግቢልኝ እህቴ። በእኔ በኩል ምንም ቂም የለም። ስለዚያች ዶሮ ያልኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ።"

"እኔም ይቅር ብያለሁ፣ ኩልሱም" አለች ጂቱ፣ ዕቃዋን አከፋፍላ እንደምትሄድ ሰው ረጋ ብላ። "አንቺም ይቅር በይኝ።"

ኩልሱም አፏን በሻሿ አፍና ወደ ሱቋ ተመለሰች። ገረሱ ምነው ይህች ሴትዮ ቤቷ ብትቀመጥ እያለ ልጓሙን ጎተተ።

የየካ ቤቶች ወደ ኋላ ቀሩ። መንገዱ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ የጥር ፀሐይ ቅጠሉን እያሞቀ ሽታውን ያወጣዋል። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል እየሮጡ ያልፏቸዋል። ገረሱ በየአሥር እርምጃው ዞር እያለ ያያታል። ከንፈሯ ነጥቷል። ጣቶቿን ታፍታታለች፣ ትጨብጣለች፤ ደንዝዘዋል ማለት ነው። ዳገቱ በበረታ ቁጥር ትንፋሿ አጠረ፤ የእሱም አብሮ አጠረ። ብትወድቅስ? እዚህ ዱር ውስጥ ምን ያደርጋል? የሺመቤት 'እ?' ብላ ቀረች። ይህች አንዲት 'እ?' ከአቶ ገብረማርያም ደጅ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ትመላለሳለች።

"ሁለቱን ፍየሎች አትሽጣቸው" አለች ጂቱ ከላይ።

"እ?"

"ጥቁሯ ከብዳለች። ከወለደች በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ። ደግሞ ሌላ ሚስት ስታገባ ሰነፍ እንዳታመጣብኝ። ቤቱን ለስንት ዓመት ነው የለቀለቅኩት።"

"ጂቱ፣ ምን እያልሽ ነው?"

"አቡጀዲም ገዝቻለሁ። ከሣጥኑ ሥር ነው ያለው። ለመግነዝ ይበቃል፤ ሌላ ወጪ እንዳታወጣ።"

ገረሱ በቅሎዋን አቆመ። የራሱ እግር ነበር የቆመው፤ በቅሎዋ ተከትላው ነው የቆመችው።

"ምን ታፈጣለህ? ሕፃን አይደለሁም" አለች ጂቱ። "መጀመሪያ ለዲንሳ ነበር የፈራሁት። ሰው ሁሉ ስገባ ዝም ይላል፤ አክስትህ አንገቴ ላይ ታለቅሳለች፤ አንተ ዓይኔን ትሸሻለህ። ዲንሳዬን አንድ ነገር አግኝቶት ነው አልኩ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ደህና ነው፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። እልል አልኩ፤ እህልም ቀመስኩ። ሌሊት ግን አሰብኩት። ዲንሳ ደህና ከሆነ ይህ ሁሉ ሰው የሚያለቅሰው ለማን ነው? ለእኔ ነዋ! ኩልሱም እኮ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ፣ ኩልሱም! ኩልሱም ለሟች ካልሆነ በቀር ለማን ይቅርታ ትላለች? ዛሬ ደግሞ ድሬሰሩ በር ዘግቶ ነገረህ። ስንት ቀን ቀረኝ?"

ደብዳቤው! ሊያድናት የመጣው ደብዳቤ ነው የገደላት። ያን ዕለት ማታ ግማሽ እንጀራ ያበላት፣ ከዚያ ማግስት ምራቅ የከለከላት፣ ለካ ይኸ ነው።

"መሞቱን አልፈራም" አለች። "እፈራለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን የበለጠ የምፈራው ዲንሳን ሳላየው እንዳልሄድ ነው። ወደ እንጦጦም የምሄደው ለዚሁ ነው። ንስሐ አባቴ ቁም ጽሕፈት ያውቃሉ። ለአለቆቹ ይጽፉልኛል። እህቱ ልትሞት ነውና ፈቃድ ስጡት፣ ቶሎ ይምጣልኝ ብለው።"

ወይ አምላኬ! ገረሱ ዓይኑን ጨፈነ። ለሞተ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ ታየው። መልሱን በየቀኑ እየጠበቀች፣ አርባ ኪሎ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ እየሆነች፣ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሳይመጣ ቀረ እያለ። አቶ ገብረማርያምም ሌላ የስም ዝርዝር ይዘው መጥተው ያነቡላታል።

"ውረጂ" አላት።

"ምን ሆነሃል? ገና ግማሽም አልደረስንም።"

"ውረጂ አልኩሽ።"

ብብቷን ይዞ አወረዳት። ቀለለችው፤ የላጠው አጠና ይከብዳል። ጋቢውን አውልቆ ደልዳላ ቦታ ላይ አነጠፈና መሐሉ ላይ አስቀመጣት፤ ብትወድቅ ድንጋይ እንዳያገኛት ዙሪያውን በእጁ ጠራረገ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ቃል እምቢ አለ። ሰባት ሳምንት የታሰረ ቃል በአንድ ጊዜ ተፈታ ሲሉት አይፈታም።

እጁን ዘርግቶ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ወሰደ። ጥለቱን ፈልጎ አገኘ። ዘቀዘቀውና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አገጯ አድርጎ መልሶ አለበሳት።

ጂቱ ጥለቱን ቁልቁል አየችው። ለቅሶ ላይ እንዲህ ስንት ጊዜ ለብሳለች፤ ሰው ሲያለብሳት ግን የመጀመሪያዋ ነው።

"ዲንሳ ነው" አለ ገረሱ። "ዲንሳ ነው የሞተው። ካምዮን ተገልብጦ። ሰባት ሳምንት ሆነው። አንቺ ተኝተሽ ነበር። አንቺ ምንም የለብሽም፤ ሐኪሙ ልብሽ ደህና ነው ብሏል፤ የምትሞቺው አንቺ አይደለሽም።"

"እኔ አይደለሁም?" አለች ጂቱ።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። እፎይታ ነበር። ገረሱ አየው፤ የባሰው ደግሞ ራሷም አወቀችው። ፊቷን በሁለት መዳፏ ቧጠጠችው።

"ያ ዋቃ! አምላኬ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ!"

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ትንፋሽ አይወጣ፣ አይገባ። ገረሱ የእጇን አንጓ ጨብጦ ያዘ። ድሬሰሩ እንዲህ ሲይዝ አይቷል፤ ምን እንደሚቆጥር ግን አያውቅም። ሥሯ ከጣቱ ሥር ይዘላል፣ ይዘላል። ቀጥ እንዳይል፣ እመብርሃን፣ ቀጥ እንዳይል። እባክሽ ጂቱ፣ 'እ?' እንዳትይ፣ ሌላ የፈለግሽውን በይ።

"ዲንሳ ኮ!"

ጩኸቷ ባሕር ዛፎቹን አልፎ ሄደ። ልጅ ሆኖ አዝላው ስታስተኛው በኦሮምኛ የምትጠራው እንዲህ ነበር፤ የእኔ ዲንሳ ማለት ነው። ደረቷን መታች፣ መሬቱን መታች፣ ዲንሳ ኮ፣ ዲንሳ ኮ እያለች ተንፈራፈረች። ገረሱም ሰባት ሳምንት የነከሰውን እጅጌ ለቀቀና እንደ እሷው ጮኸ። ይህችን የምታህል ሴት ይህን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣችው ያሰኝ ነበር።

ሌሎች ጭራሮ ተሸካሚዎች ከላይ ሲወርዱ ደረሱባቸው። አራት ናቸው፤ ከሁለቱም ጋር አይተዋወቁም። ከፊት ያለችው ሸክሟን ሳታወርድ ቆመች።

"ማን ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"ወንድሟ ነው" አለ ገረሱ። "ልጇ ነው።"

ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ሸክሟን ከጀርባዋ ጣለችው፤ ሌሎቹም ጣሉ። በቁልቁለቱ ላይ ጂቱን ከብበው ተቀመጡ፤ ያደፈ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ አብረዋት አለቀሱ። አንዷ የራሷን ሟች ስም እየጠራች ታለቅሳለች። ገበያው ሳይፈታ መድረስ የነበረባቸው ሴቶች ናቸው።

ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል አለቀሱ። ጂቱ ድምፅዋ ሲሰልል ያቺ ፊተኛዋ ሴት የውኃ ቅሏን አቀበለቻት። "ጠጪ የኔ እናት። ጉሮሮሽ ደረቀ።"

ጂቱ ቅሉን ተቀብላ ጠጣች። አንዴ ተጎነጨች። ሁለቴ። ሦስቴ። ገረሱ ለቅሶውን ትቶ ጉሮሮዋ ላይ አፈጠጠ። ሴቶቹ ይህ ሰውዬ ሚስቱ ውኃ ስትጠጣ ምን እንዲህ እንደሚያስደንቀው ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ሴቶቹ ጂቱን አጽናንተዋት፣ ሸክማቸውን ተጋግዘው ተነሥተው ሄዱ። ጂቱ እያነባች ከኋላቸው አየች። በኋላ፣ "ደብዳቤውስ?" አለች።

"የእድሩ የስም ዝርዝር ነበር። አባባ ገብረማርያም ናቸው ያመጡት። እኔም አውቅ ነበር።"

"ስሜዋለሁ እኮ! ግንባሬ ላይ አድርጌዋለሁ!" ጡጫዋን ጨብጣ ደረቱን መታችው። ደገመችው። "ሰባት ሳምንት አጠገቤ ተኝተህ! እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?"

"አልወሰደኝም" አለ ገረሱ። አልተከላከለም። በሦስተኛው ጊዜ እጇ ደረቱ ላይ እንደተጨበጠ ቀረ፤ ከዚያ ግንባሯን እዚያው ላይ ጣለች።

"እንመለስ" አለች በመጨረሻ። "ቤቴ ገብቼ ላልቅሰው። ሰው ይምጣልኝ።"

በቅሎዋ ላይ ሊያወጣት ሲያጎነብስ እምቢ አለች። በእግሯ ወረደች፤ ትከሻውን ይዛ፣ በየመታጠፊያው እያረፈች፣ አንዳንዴም ቆማ እያለቀሰች። ድሬሰሩ እንዳለው ልቧ ደህና ይሁን አይሁን ገረሱ አሁንም አያውቅም። ነገ ምን እንደምትሆን፣ ከነገ ወዲያስ? ሆዱ አሁንም ያቃጥለዋል። በየአሥር እርምጃው ያያታል። ትራመዳለች።

የመጀመሪያዎቹ ጣሪያዎች ታዩ። ከመንገዱ በታች፣ የበቅሎዋን መመለስ የሚጠብቁት አቶ ገብረማርያም ደጃቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ለዓይናቸው ጋርደው ሽቅብ ያያሉ። ከሩቅ ገና አልለዩአቸውም። ኩልሱም ደግሞ ከሱቋ ደጃፍ ብቅ ብላለች።

ጂቱ ቆመች። ያበጡ ዓይኖቿን ከአቶ ገብረማርያም ወደ ባሏ መለሰች።

"እድሩ ይወቅስሃል" አለችው። "ሳንፈቅድልህ ለምን አረዳሃት ይሉሃል።"

"ይሉኛል።"

"ነጠላዬን ላስተካክለው እንዴ?" ጥለቱን በሁለት ጣቷ ያዘች። "ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው ይንገሩኝ። እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ዛሬን ችዬ አድራለሁ።"

ገረሱ ወደ ታች አየ። አቶ ገብረማርያም አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ወጥተዋል። እጁን ዘርግቶ ጣቶቿን ከጥለቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀ።

"ተዪው" አላት። "እንዲሁ እንግባ።"